በጋሽ ይስማው እጅ የተጻፉ ስሞች

ወንጌላዊት ከጋሽ ይስማው ጋር የተዋወቀችው የምታስተምርበትን መዋዕለ ሕፃናት የተበላሸ ቴፕ ልታስጠግን ሄዳ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር። ትራምፔትና ሳክስፎን አንዱን ዜማ አብረው ያነሱና፣ ሳክስፎኑ ዝም ብሎ ለትራምፔቱ ይለቅለታል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ካሴቱ አልቆ ሌላ ሲገባ ገና ከበሩ አልራቀችም።

«ይኼኛውም ያው የቅድሙ ሰውዬ ነው አይደል? ትራምፔቱ» አለች።

ጋሽ ይስማው መበየጃውን አስቀመጡ። «በምን አወቅሽ?»

«ሲጨርስ ቁርጥ ያደርገዋል። ትንፋሽ ያጠረው ይመስላል፤ ግን አላጠረውም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ጥርሳቸው ሲረግፍ መንፋቱ ቀረና፣ አንድ ሻንጣ ካሴት ይዘው ወደ አገራቸው ተመልሰው የቴፕና የሬዲዮ ጠጋኝ ሆኑ።

የወንጌላዊት አባት መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ቁይ አጠገብ ድጓ ያስተምራሉ። ልጅ ሆና ከአጥሩ ውጭ ቆማ የትኛው ተማሪ እንደሚያዜም በድምፁ ትለይ ነበር። እንግዳ ሲመጣም የዜማው ስልት የቆማ ቤት ይሁን የአጫብር ሳይነግሯት ታውቃለች። ሴት ልጅ ናትና ያንን ጆሮዋን ለምንም የፈለገው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ፈላጊ ጋሽ ይስማው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቀን ሆነ። ኢንተርኔት ከከተማው ከተቋረጠ ወራት አልፎ ስለነበር ከካሴቶቹ ሌላ መማሪያ አልነበረም። ሰባ ሁለት ናቸው። በእያንዳንዱ ሽፋን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ትራምፔቱን ማን እንደነፋው፣ ከበሮውን ማን እንደመታው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀዳ በሰማያዊ ቀለም፣ በተዋበ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ጋሽ ይስማው ሽፋኑን ይደብቁና ካሴቱን ይከፍቱላታል።

«ወደ ትራምፔቱ አትሩጪ። ከበሮውን ስሚ መጀመሪያ። ሲምባሉን፣ ያንን የናስ ሳህኑን፣ እንዴት ነው የሚነካው?»

«ይጎትተዋል። ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል፣ ግን ይደርሳል።»

«እሰይ! ፒያኖውስ?»

«ይኼማ መዝሙር ቤት ያደገ ነው።»

«ሃርድ ቦፕ የሚሉት የጃዝ ዓይነት ይኼ ነው፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ግማሹን ከቤተ ክርስቲያናቸው ነው ያመጡት። በይ ስሙን ጥሪው።»

ስሙን ከነአባቱ ትጠራለች። ሽፋኑን ሲገልጡት ልክ ናት። ልክ ስትሆን ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብድግ ይሉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አራት የሲምባል ምት ይበቃት ጀመር።

ኢንተርኔት የተመለሰ ሰሞን የሥራ ባልደረባዋ ሽታዬ «ስልኩን ወደ ሙዚቃው ብታስጠጊው እኮ ስሙን ራሱ ይነግርሻል» አለቻት። ወንጌላዊት በሚቀጥለው ቅዳሜ ለጋሽ ይስማው እየሳቀች ነገረቻቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ስልክ ይስማልሽ ካልሽማ፣ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» አሉና ቴፑን ዘጉት።

ያስከፋቻቸው መስሏት አፈረች። ስልኳን ወደ ካሴቶቹ አስጠግታ አታውቅም።

በሚያዝያ አንድ አዲስ አበባ ያለ ጣቢያ ለጃዝ ፕሮግራሙ አቅራቢ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ፈተናው ቅጂዎችን በጆሮ መለየት ነው። ወንጌላዊት ተመዘገበች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣

«ጋሼ፣ የሚያጠራጥር ካለ ዛሬ እንየው» አለቻቸው።

ጋሽ ይስማው ካሴቶቹን አይተው፣ እሷን አይተው፣ «ምንም የሚያጠራጥር የለም። ሂጂና አኩሪኝ» አሏት። ግንባሯን ስመው ሸኟት።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ሃያ ቅጂ አሰሟት፤ አንዱም ላይ አላመነታችም። አምስተኛው ላይ ከፈታኞቹ አንዱ ፈገግ አለ። ዘጠነኛው ላይ አፉን በእጁ ያዘ። ደስ ብሎት መሰላት። ሃያው ሲያልቅ መቅደላዊት የምትባለው የፈታኞቹ ኃላፊ ወንበሯን ወደ እሷ ሳበች።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«ጋሽ ይስማው ይባላሉ። ሙዚቀኛ ነበሩ» አለች ወንጌላዊት በኩራት።

«ከሃያው ያገኘሽው አራት ነው።»

ወንጌላዊት አልገባትም።

«የገረመኝ ምን መሰለሽ» አለች መቅደላዊት፣ ወረቀቱን እያሳየቻት። «ሁለተኛውንና አሥራ አራተኛውን አንድ ሰው ነው የነፋቸው ብለሻል። እውነት ነው፣ አንድ ሰው ነው። ስሙ ግን አንቺ ያልሽው አይደለም። ከበሮ መቺውንም ሦስቴ ለይተሽ ሦስቴም በሌላ ሰው ስም ጠራሽው። ጆሮሽ ጤነኛ ነው፣ እህቴ። ስሞቹን የሰጠሽን ሰው ጠይቂው።»

ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ስትመለስ፣ አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ፣ በቃሏ የያዘቻቸውን ስሞች እያወጣች በስልኳ ፈለገች፤ የእያንዳንዱን ሰው ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ሰማች። ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ትንፋሽ፣ ሌላ ሰው። ደጀን ሲደርሱ ስልኩን ዘጋችው።

ከመናኸሪያው ወርዳ ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ጋሽ ይስማው ፊቷን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ከአዲስ አበባ ስመጣ ክረምት ነበር» አሉ። «ሻንጣው የመኪናው ጣሪያ ላይ እያለ ዝናብ ገባበት። ወረቀቱ ሁሉ ቀለሙ ታጠበ። ያስታወስኩትን መልሼ ጻፍኩት።»

«ያላስታወሱትንስ?»

«የመሰለኝን ጻፍኩ።»

«እኔን ሲያስተምሩኝ ይኼን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የዚያን ዕለትስ? የሚያጠራጥር አለ ወይ ስልዎት?»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ሁለት ዓመት እንደ ሊቅ ስታይኝ ኖርሽ፣ ልጄ። እንዲያ ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረኝም። ምናልባት በግምት የጻፍኳቸው ፈተናው ላይ አይመጡባት ይሆናል አልኩ።»

ወንጌላዊት መንገዱን ሁሉ ስታብላላው የመጣችው ብዙ ንግግር ነበራት። ሁሉንም ተወችው። አላውቅም ቢሏት ኖሮ አብረው ይፈልጉት ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ደስ የሚል ቅዳሜ አይኖርም ነበር። ሰው ፊት የሳቁባት ስላላወቀች አልነበረም፤ እሳቸውን አምና ስለተማረች ነው።

«ደህና ይዋሉ፣ አቶ ይስማው» አለች።

«አቶ» የሚለውን ሲሰሙ፣ በጥፊ የተመቱ ያህል ፊታቸውን አዞሩ።

በሳምንቱ ሻንጣውን ከነካሴቶቹ በሽታዬ እጅ ላኩላት። ሳትከፍተው በዚያው እጅ መለሰችው። በመንገድ ሲገናኙ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትላቸዋለች፤ አትቆምም።

ክረምቱን ሙሉ ከስልኳ ጋር ተቀምጣ ትክክለኛዎቹን ስሞች አንድ በአንድ አጠናች። አሁን ታውቃቸዋለች። ነገር ግን ትራምፔቱ ገና ከመነሳቱ ቀድሞ አፏ ላይ የሚደርሰው በዚያ በተዋበ እጅ የተጻፈው ስም ነው። እሱን ካባረረችው በኋላ ነው እውነተኛው የሚመጣው።

በዕረፍት ሰዓት ስልኳን ከፍታ ስታዳምጥ፣ ሽታዬ አንዳንዴ ጠጋ ብላ «ይኼስ ማነው?» ትላታለች።

«ቆይ» ትላለች ወንጌላዊት።