የጳጉሜን ውሃ

ትሕትና ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በውሃ ላይ ነበር። ውሃ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ፤ ከባድም ቀላልም አለው። ፀሐይ ስትመታው ቀላሉ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ይቀራል። ይህን በመሣሪያ የለካ ሰው ውሃው ምን እያየ እንደ መጣ ይደርስበታል። የዛሬውን ዝናብ ጠባይ ያጠና ደግሞ፣ ከረግረግ ሥር ከወጣ አሮጌ ጭቃ የጥንቱን ክረምት ያነባል። እሷም ከቡሬ ወጣ ብላ፣ በእትዬ የሻሽወርቅ ግቢ ዝናብ የሚያጠራቅም ጀሪካን አቁማ በየወሩ ትቀዳለች።

አማካሪዋ ዶክተር አለበል ግን ጭቃ አይወድም። ካፊያ ሲጀምር መስኮቱን የሚዘጋ ሰው ነው፤ ስለ ዝናብ ሲያወራ ግን ደመናውን እሱ የሚነዳው ይመስላል።

ውጤቱ ከውጭ አገር ላቦራቶሪ ሲመጣ የሌላው ወር ሁሉ ደህና ነው፤ የጳጉሜን ግን ጉድ ሆነ። ፀሐይ ላይ የከረመ ውሃ ይመስላል፤ ያውም በዝናብ ወራት!

“ግኝት ነው!” ብሎ ዘለለ አለበል። “የጎጃምን የአየር ንብረት ታሪክ እንደ አዲስ እንጽፈዋለን። ሰኞ ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ይቀርባል፤ አንቺም ዘንድሮ ትመረቂያለሽ።”

የትሕትና ልብ አልቀበል አላት። በማግስቱ ባጃጅ ይዛ ወደ እትዬ የሻሽወርቅ ሄደች።

“እትዬ፣ ጳጉሜን ላይ ጀሪካኗን የነካ ሰው ነበር እንዴ?”

“ምነው ልጄ! የሩፋኤል ለት ነዋ! ሰማዩ ተከፍቶ ጠበል እየወረደ፣ ያንቺም ዕቃ ሞልቶ ቆሞ! ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ቀዳ፤ ቄሱም ቀዱ። ጠበል ይከለከላል?”

“እኔ ስመጣ ሙሉ ነበረችኮ።”

“ታዲያ አንቺን በባዶ ልሸኝሽ ኑሯል? ከመስኖው ኩሬ ቀድቼ ሞላሁልሽ እንጂ! ያውም በነጠላዬ አጥልዬ ነው፤ እንቁራሪት ገብታ እንዳታሳፍርሽ።”

ትሕትና ልትቆጣ ብላ አቃታት፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። በጋውን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ኩሬ ነበር ለካ የጎጃምን ታሪክ ሊያስጽፍ የተነሣው።

ለዶክተሩ ነገረችው። አላፈረም።

“ኩሬ ቢሆንስ? ኩሬው የጎጃም አይደለም?”

“ዝናብ አይደለማ፣ ዶክተር!”

“ስሚ። ይህን ካወራሽ ወሩ ይሰረዛል፤ ወሩ ከተሰረዘ ምረቃ የለም። አርፈሽ ተቀመጪ፤ ማን ያውቅብሻል?”

ሰኞ ዕለት አለበል አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ በቀይ መብራት ግድግዳው ላይ ያለችውን የጳጉሜን ነጥብ እየወጋ ሲያብራራ አረፈደ። ስለ ጥንት ድርቅ፣ ከሩቅ ባሕር ስለ መጣ ንፋስ፣ ጎጃሜ እስከ ዛሬ ስላላወቀው ምስጢር አንድ ያስቀረው የለም። የተጋበዙት ሹማምንትም እንደ ገባው ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ አጨበጨቡ። ተማሪዋን አመስግኑ ተባለና ትሕትና ተነሣች። እናቷ የምረቃዋን ቀሚስ አሰፍተው እንደ ጨረሱ ታውቃለች።

“ያቺ ከፍ ያለችው ነጥብ ዝናብ አይደለችም” አለች። “የመስኖ ኩሬ ውሃ ናት። ዝናቡን የሰፈሩ ሰው የሩፋኤል ለት ለጠበል ወስዶታል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በእንዲያ ያለ ቀን ዕቃዬን ያለ ጠባቂ ትቼ ሄድሁ።”

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠየቁ፣

“ለመሆኑ ጠበሉ ሠራ?”

“ለዶክተሩ አልደረሳቸውም፣ አባቴ!” አለ ከጎናቸው የነበረው፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ።

አለበል መብራቱን ኪሱ ከትቶ “ተማሪዋ ደክሟታል” አለና ሻይ አዘዘ።

ትሕትና ዘንድሮ አልተመረቀችም፤ እንደገና ዓመት ሙሉ ዝናብ ትጠብቃለች። እሱ ግን ያቺን ነጥብ ይዞ እስከ መራዊ ዞሯል። የሰማ ሰው ሲጠይቀው “ጉዳዩ ለውይይት ክፍት ነው” ይላል። ሰባት ላም የሚጠጣው ኩሬ ላይ ቆሞ የሚወያይ ሊቅ እንግዲህ እሱን አየን።