ቀድሞ የሄደ ይቅርታ

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሎሚ ማቴዎስን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ለአንድ ዓመት ከትምህርት አገዳት። ጥያቄው "ሙሉ ስምሽ ማን ነው?" የሚል ነበር። መለሰች። "ውጪ ጠብቂ" አሏት። ብዙም ሳትቆይ ተጠርታ ውሳኔው ተነበበላት።

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። የይግባኝ ጊዜው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ሎሚ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የኮሌጁ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ክርኗን አስደግፋ ቆማለች። ከውስጥ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ የደብዳቤ ክምር ላይ ማኅተም ይመታሉ።

"ቃለ ጉባኤ ለተማሪ አይሰጥም" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ምን ተብሎ እንደተፈረደብኝ ሳላይ ይግባኙን ምን ብዬ ልጻፈው?"

"'ቅጣቱ በዝቶብኛል' በይ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"ቅጣቱ ላይ ገና አልደረስኩም። እኔ የምለው አልተጠየቅኩም ነው።"

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ማኅተሙን አስቀምጠው አዩዋት። "ስም አውጪሽ አውቆ ነው" አሉ። ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወጡ፤ ገልጠው ወደ መስኮቱ አዞሩት። "አልሰጠሁሽም። ሻይ ልጠጣ ነው። ስመለስ እዚሁ ገጽ ላይ ላግኘው።"

ሎሚ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ተማሪዋ በወላጅ አባቷ አማካይነት ሽማግሌዎችን ወደ ሰብሳቢው መኖሪያ ቤት ልካ ጥፋቷን በማመን ይቅርታ የጠየቀች ስለሆነ፣ ተጨማሪ ማስረጃ መመርመር አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሷ ማንንም አልላከችም።

የጠፋው ነገር በአንድ እጅ የሚያዝ የቡና እርጥበት መለኪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሎሚ የቅምሻ ክፍሉን ቁልፍ ከጥበቃው ከቤኪ ተቀብላ ፈረመች፤ ናሙናዋን ቆልታ ጨርሳ አምስት ሰዓት ላይ ፈርማ መለሰች። መለኪያው እንደሌለ የታወቀው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። በመካከሉ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቁልፉን ወስደዋል፤ ፊርማቸው ቤኪ ዘንድ ያለው የቁልፍ መዝገብ ላይ ይገኛል። ኮሚቴው መዝገቡን አላስመጣም። ሎሚ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የመሰላት ስለቸኮሉ ነበር።

ስልኳን አወጣች። አባቷ የአቶ ከፈለኝ ሱቅ መሆኑን ነገራት። ባጃጅ ይዛ ወደ አማን ከተማ ወረደች።

አቶ ከፈለኝ ቆርቆሮና ሚስማር ነው የሚሸጡት፤ በለቀማ ሰሞን ደግሞ የቡና ማስጫ ሸራና ጆንያ ይጨምሩበታል። የሎሚ አባት ጆንያ የሚገዛው ከእሳቸው ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሸኮ መጥቶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጧል። ቦቲ ጫማው ላይ የማሳው ጭቃ አልደረቀም።

"እህ፣ ይግባኙን ተቀበሉሽ?" አላት።

"አባዬ፣ ሽማግሌ ልከሃል?"

አባቷ አቶ ከፈለኝን አየ። አቶ ከፈለኝ የሚስማር ሚዛናቸውን አዩ።

"ልኬያለሁ" አለ። "አቶ ከፈለኝንና ወንጌላዊ ኢዮሲያስን። ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ። ምነው፣ ደህና አልተቀበሏቸውም?"

"በጣም ደህና ነው የተቀበሏቸው። ቃለ ጉባኤ ላይ አስገብተዋቸዋል።"

"እኛን?" አሉ አቶ ከፈለኝ።

"እኔ እንዳመንኩ ነው የተጻፈው። ምን ብላችሁ ነው የነገራችኋቸው?"

"ሽማግሌ የሚለውን ነዋ። 'ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ ስለ እኛ ብላችሁ ይቅር በሏት' አልን። ሌላ ምን ይባላል? 'አላጠፋችም፣ ይቅር በሏት' ይባላል?"

"ማጥፋቴን ማን ነገራችሁ?"

አቶ ከፈለኝ የእጃቸውን ሚስማር ሚዛኑ ላይ መለሱት። "እኔ ሠላሳ ዓመት ሽምግልና ሄጃለሁ" አሉ። "ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ ደም አድርቄያለሁ። ማስረጃ ሆኜ ግን አላውቅም።"

ሎሚ ወደ አባቷ ዞረች። "ከመላክህ በፊት እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

"ብጠይቅሽ 'አልወሰድኩም' ትያለሽ።"

"አልወሰድኩማ።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ አባቷ። "ለዚህ እኮ ነው ያልጠየቅኩሽ።"

ሎሚ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። አባቷ የረታ ስለመሰለው ቀጠለ።

"ከብት የሰው ማሳ ሲገባ ኮቴ እየለካሽ አትከራከሪም። መጀመሪያ ይቅርታ ትያለሽ። ከዚያ ሰው ሲበርድለት የማን ከብት እንደሆነ ይጣራል።"

"እዚያ ቤት 'ከዚያ' የሚባል የለም። መጀመሪያ ያልከው ላይ ነው ፋይሉን የዘጉት።"

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ባጃጅ ውስጥ ቦርሳዋን አስደግፋ የጻፈችው ነው፤ መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር እስክሪብቶዋን እያነሳች ስለጠበቀች ፊደሉ ቀጥ ያለ ነበር። አባቷ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። "እኔ አቶ ማቴዎስ ልጄን ሳልጠይቅና እሷም ሳታውቅ ሽማግሌዎች የላክሁ መሆኔን፣ ሽማግሌዎቹም ስለ ጉዳዩ የሚያውቁት ነገር የሌለ መሆኑን አረጋግጣለሁ።"

"ፈርም ብቻ" አለችው።

"'የሚያውቁት ነገር የሌለ' ይላል።"

"አያውቁማ።"

"ወንጌላዊው የማያውቀውን ተናገረ ልል ነው እኮ። እሑድ ፊት ለፊቱ ነው የምቀመጠው።"

"እኔስ ሌባ ተብዬ የት ልቀመጥ?"

አቶ ከፈለኝ አንድ ደንበኛ የገባ ይመስል ወደ በሩ አዩ። ማንም አልነበረም። አባቷ ወረቀቱን አጥፎ እጇ ላይ መለሰላት።

"ላስብበት" አለ።

"እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስብበት" አለችና ወጣች።

ይግባኝ የሚገባው በኮሚቴው ሰብሳቢ በአቶ ባምላኩ እጅ ነው። ሎሚ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሯቸው ስትደርስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አራት ተማሪዎች ነበሩ። የቢሮው በር በዝናቡ አብጦ ስለማይገጥም ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው። ውስጥ የሚባለውን አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማል። ውሳኔዋ የተነበበ ዕለትም እንዲሁ ነበር፤ ወደ ማደሪያዋ ስትመለስ ጓደኛዋ ቲጂ ቀድማ ሰምታው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

አቶ ባምላኩ ይግባኙን ተቀብለው ሳያነቡ ጎን አደረጉት። ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለት መንፈቅ አስተምረዋታል፤ ናሙና ስትቀምስ ምላሷን "ይኼ ምላስ ነገር ያውቃል" ብለው ክፍል ፊት አመስግነውላታል።

"ተቀመጪ። እኔ ጠላትሽ አይደለሁም፣ ሎሚ። ሽማግሌ ቤቴ ድረስ ሲመጣ አክብሬ ነው የተቀበልኩት። ባይመጡ ኖሮ ጭራሽ መባረር ነበር።"

"ባይመጡ ኖሮ የቁልፉን መዝገብ ታዩ ነበር።"

"እሺ፣ ተይው። ይኸውልሽ።" አንድ የተተየበ ወረቀት ወደ እሷ ገፉ። "ጥፋትሽን አምነሽ ምሕረት ትጠይቂያለሽ። እገዳው ይነሳና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ሰኞ ከጓደኞችሽ ጋር ቴፒ ትወርጃለሽ። ፈርሚ ብቻ።"

ሎሚ ይህን ቃል የት እንደሰማችው ለማስታወስ አልተቸገረችም። ጠዋት እሷው ራሷ ነበረች ያለችው።

ወረቀቱን አነበበች። ቴፒ የሚሄዱት እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ለልምምድ ነው። ጣቢያው የሚሠራው ቀይ ቡና እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ያመለጠው ተማሪ እስከሚቀጥለው ለቀማ ይቀመጣል። ቲጂ ትናንት ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ክዳኑን እንኳ አንስተውላታል።

"ማስጠንቀቂያው ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?"

"የተለመደው ነው።"

"'ስርቆት' ይላል?"

"የጥፋቱ ዓይነት መጠቀስ አለበት።"

"ስርቆት የተጻፈበትን ሰው ማነው የቡና መጋዘን የሚያስገባው? እርስዎ ያስገባሉ?"

አቶ ባምላኩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለበሩ ብለው ነው። "መዝገብ፣ መዝገብ ትያለሽ። ከአንቺ በኋላ ከፈረሙት አንዱ መምህር እንድርያስ ናቸው። አስተማሪሽን ሌባ ልትዪ ነው?"

"ማንንም ሌባ አላልኩም። እሳቸው ግን ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጠው ፈርደውብኛል። መዝገቡ ይከፈት፣ የፈረምነው ሦስታችን እኩል እንጠየቅ ነው ያልኩት።"

በሩ ተገፋ። አቶ ከፈለኝ ከነኮታቸው ገቡ፤ አባቷ ቦቲውን ደጃፉ ላይ ደጋግሞ ጠርጎ ተከተላቸው። አቶ ባምላኩ ተነስተው ሁለቱንም ጨበጡ።

"እንኳን መጣችሁ። እስቲ ምከሯት። አንድ ፊርማ ናት የቀረችው።"

አባቷ አልተቀመጠም። "አቶ ባምላኩ፣ እኔ ይቅርታዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"አልገባኝም።"

"እሑድ የላክሁትን ይቅርታ። ይመለስልኝ።"

አቶ ባምላኩ ወደ አቶ ከፈለኝ ዞሩ። አቶ ከፈለኝ ኮታቸውን ከፈቱ።

"እኔን አይዩኝ። ይቅርታ ጆንያ አይደለም፣ ተሸጦ አይመለስም እያልኩት ነው ባጃጅ ውስጥ የመጣነው። አልሰማም።" ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "በኋላ ግን እኔም አሰብኩት። እኔ ልጅቷን አልጠየቅኋትም። ወንጌላዊውም በስልክ እንዳልጠየቃት ነገረን፤ ደስ ባይለውም። አባቷ አልጠየቃትም። እርስዎ ግን ጠይቀዋታል አይደል?"

አቶ ባምላኩ የእስክሪብቶውን ክዳን ፈልገው ገጠሙት።

"ስሜን ጠይቀውኛል" አለች ሎሚ።

አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳል አስመሰለው።

"በቃል የተባለ በቃል ነው" አሉ አቶ ባምላኩ፤ ድምፃቸው የቢሮ ሆኗል። "ይግባኝ ሰሚው የሚያየው ጽሑፍ ነው። የሚሉት ካለ ይጻፉና ከይግባኙ ጋር አያይዘዋለሁ።" አንድ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አደረጉ። ሰዓታቸውን አዩ። "አሥር ሰዓት አልፏል።"

አባቷ ተቀመጠ። ነጩን ወረቀት አየው። የሚጽፈው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፤ ያውም ስሙን። ወደ ሎሚ እጁን ዘረጋ።

"ያቺን የጠዋቷን ስጪኝ። ልፈርምልሽ።"

ወረቀቷ ቦርሳዋ ውስጥ ናት። አንዲት ቃል አልጎደላትም፤ ፈርሞ ለመጨረስ ደቂቃ አይፈጅም። ለራሱ ከተወችው ግን ፊደል ይስታል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ከልማድ የተነሳ መጨረሻው ላይ "ይቅር በሏት" ብሎ ሊጨምርበትም ይችላል። ሎሚ ይህን ሁሉ አሰበች። የቦርሳዋን ዚፕ ጨበጠች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

"አይ። ራስህ ጻፈው።"

"ምን ብዬ?"

"የምታውቀውን።"

የተተየበውን የምሕረት ወረቀት ሳትፈርም ወደ አቶ ባምላኩ መልሳ ገፋችው። አባቷ እስክሪብቶውን አነሳ፤ መስመር እንደሚፈልግ ሰው ነጩን ወረቀት በመዳፉ ደባበሰው፤ ከላይ ጥጉ ላይ "እኔ" ብሎ ጻፈና ቀና ብሎ አያት። አቶ ከፈለኝም አዩዋት። አግዳሚው ላይ ያሉት አራቱም አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገዋል።

ቃል እንዳታቀብለው ሎሚ ወጣች። በሩን በእጀታው ብድግ አድርጋ ሳበችው፤ አልገጠመም። ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ገፍታ በሁለት እጇ እንደገና ሳበችው። ገጥሞ ተዘጋ።