የቦራ ስድስተኛ ሳምንት

ልብስ ሰፊው ቦራን ይዘው ሲመጡ እኔ በእንስሳት ክሊኒኩ በረዳትነት ከተቀጠርኩ ገና አራተኛ ወሩ ነበር። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቡናማ ውሻ ነው። ሰውየው የሚኖሩት ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ነው። ልጅቷ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ አማችየው ደግሞ ሕፃኑ ሳይመጣ ማከኩ ካልቆመ ውሻው ከቤት ይወጣል ብሎ ቁርጡን ተናግሯል።

«እሱ ሲያክ እኔንም ይበላኛል» አሉ ልብስ ሰፊው። «ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ስሰፋ እግሬ ሥር የሚተኛ እሱ ብቻ ነው።»

ካርድ ክፍል ያሉት ልጆች ዶክተራችንን «መርማሪው» ይሏቸዋል፤ እንስሳውን ከመንካታቸው በፊት ጥያቄያቸው አያልቅም። ያን ቀንም ስለ አልጋው፣ ስለ ወለል ሳሙናው ሳይቀር ጠየቁ። ከዚያ ጸጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው ቁንጫ ፈለጉ፤ የለም። ቆዳውን ፍቀው በማይክሮስኮፕ አዩ፤ የእከክ ተባይም የለም። መዳፎቹ ከመላስ ብዛት ቀልተዋል፣ ብብቱ ተልጧል፣ ጆሮው ውስጥ ይግላል።

«የሚያከው ወቅት ጠብቆ ነው?»

«ዓመቱን ሙሉ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ምግቡን እንጠርጥር። አለርጂ ይመስለኛል፤ ወደ ሰው አይጋባም። ስምንት ሳምንት ዓሣና ድንች ብቻ ይብላ። ከዚያ ውጭ ፍርፋሪም አይቅመስ።»

በአምስተኛው ሳምንት ብብቱ ላይ አዲስ ጸጉር በቀለ። የቀረው የጆሮው ቁስል ስለነበር ዶክተር የአሥር ቀን ክኒን አዘዙለት፤ አወሳሰዱን ወረቀት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ማብቂያ ልብስ ሰፊው ተመልሰው መጡ። ቦራ በሩ ላይ ተቀምጦ ያካል። አማችየው ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

«ከእኛ ሲወጣ የሚወስደው ሰው ተገኝቷል» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ዶክተር ወንበር ሳቡላቸው። «አባባ፣ የትናንቱን ውሎ ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ። ምንም አይዝለሉ።»

ተናገሩ። በር መክፈታቸውን፣ መተኮሻውን ማጋላቸውን፣ የአንዲት ደንበኛን ቀሚስ ስፌት ሁለት ጊዜ መፍታታቸውን። ዶክተር አንዴም ሰዓታቸውን አላዩም። እኔ ብሆን ቀሚሱ ጋ አቋርጣቸው ነበር።

«ከምሳ በኋላ ክኒኑን ሰጠሁት...»

«እንዴት አድርገው?»

«እንደታዘዝኩት ነዋ።» ከኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ዶክተር አነበቡት። የእኔ ጽሑፍ ነው፤ «እምቢ ካለ በትንሽ የዶሮ ሥጋ ጠቅልለው ይስጡት።» ለሁሉም ደንበኛ የምጽፈው ነው። እጄ ለምዶት ጻፈው።

«ስህተቱ የክሊኒኩ ነው» አሉ ዶክተር፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ሦስት ሳምንት ይጨምሩልን።»

«እኔ ብጨምር ምን ዋጋ አለው? ቁርጡ ያለው አማቼ ዘንድ ነው።»

ዶክተር ስሜን አለመጥራታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ወጥቼ የመኪናውን መስኮት አንኳኳሁ። አማችየው መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ውሻው እየዳነ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ይስጡን፤ በሽታው ወደ ሕፃኑ አይጋባም።»

አማችየው ወደ ክሊኒኩ በር አየ። «አባባ ናቸው የላኩሽ?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ማን ተናገሪ አለሽ?»

የመኪናውን በር እንደያዝኩ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋና «ሦስት ሳምንት» አለ። «አንድ ቀን አይጨመርም።»

የቀረው ክኒን ከዚያ በኋላ በድንች ተጠቅልሎ ተሰጠ። ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ ቦራ ማከኩን ተወ። ልጅቷም ወልዳ ነበር፤ አማችየው ራሱ ነው ውሻውን ይዞ የመጣው። ልብስ ሰፊው ከኋላው ገቡ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የማውቀው» አሉ። «የእኔው ግን በበላው ያካል።»

ዶክተር ሳቁ። ከዚያ ለቦራ ቀጣይ አመጋገብ ባዶ የመመሪያ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ጻፊ» አሉኝ። «አንቺ ነሽ የምትጽፊው።»