ተበላሸ ብላችሁ ደውሉልኝ

የነሪስ መንደር ዌልስ ውስጥ ባሕር ዳር ናት። በበጋ መኪና ማቆሚያ አይገኝባትም፤ ክረምት ሲገባ ግን ውሻ እንኳ የሚጮኽበት ሰው ያጣል። ቤቶቹ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ መጋረጃቸውን ዘግተው እስከ ፋሲካ ይተኛሉ። ከነሪስ ጋር አውቶቡስ ትጠብቅ የነበረችው የመጨረሻዋ እኩያዋም ባለፈው መስከረም ከነቤተሰቧ ለቃ ሄደች።

እናቷ ከተማ ውላ ስለምትመጣ ለእረፍተኞች የሚያከራዩትን ቤት የምትጠብቀው ነሪስ ናት። አንሶላው የእናቷ ሥራ ነው፣ ማሞቂያው የእሷ። ከስልኳ ላይ ታዝዘዋለች፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል ታበራዋለች፣ ሲወጣ ታጠፋዋለች፣ መስኮት በርግደው ማሞቂያውን እስከ ጥግ የሚለቁትን ደግሞ ትቀንስባቸዋለች። "ባሕሩን ልታሞቁት ነው እንዴ?" ትላለች ለስልኳ።

ኅዳር ላይ ለማሞቂያው ውሃ የሚያፈላው ቦይለር የምር ተበላሸና እንግዶች ደወሉላት። ሄዳ አንዲት ነገር ተጭና አስነሳችው። ሻይ ቀረበላት፣ ኬክ ተቆረሰላት፣ እስኪመሽ አወሩ። ከዚያ ወዲህ ተንኮል ለመደች። ደስ ያሏት እንግዶች ሲመጡ ማሞቂያውን እቤቷ ቁጭ ብላ ታጠፋዋለች፤ ይደውላሉ፤ የመፍቻ ሳጥኗን ይዛ ትሮጣለች። ሳጥኑ ዝጎ ከተቆለፈ ቆይቷል፤ ከፍታውም አታውቅም።

ለየካቲት የትምህርት ቤት እረፍት ወይዘሮ ፔልና የልጅ ልጃቸው ኢሞጅን ከበርሚንግሃም መጡ። ኢሞጅን የነሪስ እኩያ ናት፤ ምላሷም እንደ ነሪስ ስል።

"መንደሩ ሰው አለው ወይስ አንቺ ብቻ ነሽ?" አለቻት ቁልፉን ስትቀበል።

"እኔና የባሕር ወፎቹ። ቺፕስ የሚሰርቁት ግን እነሱ ናቸው።"

ኢሞጅን ከት ብላ ሳቀች። ነሪስ ያንን ሳቅ ይዛ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ማሞቂያውን አጠፋች። ፀጉሯን አበጠረች። ሳጥኑን በር ላይ አስቀመጠች። ማንም አልደወለም። የቤቱ ሙቀት ሲወርድ ስልኳ ላይ ታያለች። አሥራ ሰባት ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ።

"ደውሉ እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!"

አሥራ ሦስት ሲሆን ወደ እንግዶቹ ቤት ወረደችና በመስኮቱ ሰረቅ አድርጋ አየች። አያትና የልጅ ልጅ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተቃቅፈዋል። ማብራት አሰኛት። ግን ካበራችው ማን ይጠራታል? ትንሽ ልጠብቅ ብላ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። ሳጥኗን አንጠልጥላ ሮጠች። ሻንጣዎቹ ተጭነዋል።

"እንዴ! እስከ ቅዳሜ አልነበር? ቤቱ አልተመቸም?"

"ኧረ ግሩም ቤት ነው የኔ ቆንጆ!" አሉ ወይዘሮ ፔል፣ ሳል አላስጨርስ እያላቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። "ሁሉም ነገር ምቹ ነው።"

"አያቴ በረዶ ውስጥ ብትቀበርም ምቹ ነው ነው የምትለው" አለች ኢሞጅን። "ማሞቂያው ጠፍቷል፣ እንደውል ስላት፣ ልጅቷን በእረፍቷ አናስቸግራት አለችኝ።"

"ብትደውሉ እኮ..."

"ሻይ ልንጠራሽ ነበር፤ የምንጫወትበት ካርታም አውጥቼ ነበር። እንግዳ ጠርተን በብርድ ልንገላት ነው ወይ ብላ ከለከለችኝ።"

ነሪስ አፏን ከፈተች። "እኔ እኮ..." አለችና ሳጥኑን ከኋላዋ ደበቀችው።

"ምንም አይደል ልጄ" አሉ ወይዘሮ ፔል፣ በቀዘቀዘ እጃቸው ጉንጯን ነካ አድርገው። መኪናው ኩርባውን ዞረና ተሰወረ።

ነሪስ እንግዶቹ የለቀቁት ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኩባያ አለ፤ የተጠጣባቸው ሁለቱ ናቸው። ስልኳን አውጥታ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ለቀቀችው። ቧንቧዎቹ መንኳኳት ጀመሩ። ጀርባዋን ለማሞቂያው ብረት ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ስልኩ ጮኸ። ዘላ አነሳችው። እናቷ ናት።

"ነሪስ፣ እንግዶቹ ወጥተን ሄድን ብለው ነገሩኝ። ማሞቂያው በርቶ ስልኬ ላይ አያለሁ፤ ለምንድን ነው የሚነደው? ማን አለ ቤቱ ውስጥ?"

"ማንም የለም፣ እማ።"

"እንግዲያ አጥፊው!"

አጠፋችው። ጀርባዋ ላይ ያለው ብረት እስኪቀዘቅዝ ግን አልተነሳችም።