የሸሀቡ ምራቂ

ደባርቅ ገበያ ላይ ንፉግ የሚባለው ያለውን የማይሰጥ ሰው ነው፤ ገብጋባ የሚባለው ግን የሰጠውንም ቢሆን ቤትሽ ድረስ በዓይኑ የሚሸኝ ነው። በርበሬ ነጋዴው ሸሀቡ ገብጋባ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ለአንድም ሰው ምራቂ ጨምሮ አያውቅም።

ከጃናሞራ የመጣችው የሻረግ የልጇ ሠርግ ደርሶባት አሥር ኪሎ አስመዘነች። ሚዛኑ ከረጋ በኋላ ሸሀቡ አንድ እፍኝ ዛላ ጨመረላት።

የሻረግ ደነገጠች። ከዛላው አንዱን ሰብራ አሸተተች፤ ውኃ ተረጭቶበት እንደሆነ ብላ በጆሮዋ ሥር አንኮሻኮሸችው። ደረቅ ነው። ይኼ ደግሞ ይብስ አሳሰባት።

«አያ ሸሀቡ፣ በርበሬው ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ይሆናል? ምራቂ ነው፤ ለሙሽራዋ።»

«እርስዎ? ለሙሽራ?» ከረጢቷን ማጠፍ ጀመረች። «በልጄ ሠርግ እድምተኛው ሆዱን ይዞ ሲያቃስትማ አላይም።»

የሸሀቡ ፊት ጠቆረ። እፍኙን አንስቶ ክምሩ ላይ መለሰው፤ ትንሽ አሰበና ከሚዛኑ ላይ ሁለት ዛላ ደግሞ ቀነሰ።

«ቀድሞም ከልኩ አልፎ ነበር» አለ።

የሻረግ እፎይ ብላ የከረጢቷን አፍ ከፈተች።

«አሁን አወቅሁዎት፤ ይገልብጡልኝ።»