አንዴ ጠርቶ ሲቋረጥ

ሴቶቹ «አልተሰቃየም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ባሏት ቁጥር ዘርፈሽ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ትነቀንቃለች። ልጇ ሊሊሴ ሻይ ታድላለች። የጨለለቂ ሰፈር ጎረቤት በተራ እየገባ «ጀባዹ፣ በርቺ» ይላታል። እሷን ግን ለማንም ያልተነፈሰችው ነገር ሆዷን ይበላታል። ባሏ ሞረዳ በሞተበት ቀን ስልኳ ጠርቶ ነበር፤ አላነሳችውም።

ሞረዳ በቆሎ ነጋዴ ነበር። ሞባይል ነቀምት ከመግባቱ በፊት መንገድ ሲወጣ ወሬው የሚመጣው በሾፌር አፍ ነው፤ ዘርፈሽም መናኸሪያ ቆማ ያየ የሰማ ስትጠይቅ ትውላለች። በኋላ ሁለት ስልክ ገዛ። ከሰው ጋር ተጫውቶ የማይጠግበው ሰውዬ ለስልክ ሲሆን ንፉግ ነው። «አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ደርሻለሁ ማለት ነው፤ እንዳታነሺ» አላት። እያደር ጥሪው ረከሰ፣ ጥቅሉ መጣ፣ ጎመን ሻጯ ሳትቀር ስልክ ያዘች። ሊሊሴ «ዛሬም ሚስድ ኮል?» እያለች ብትስቅባቸውም አልተዉትም። መንገዱና ኔትወርኩ በተዘጋባቸው ዓመታት ዘርፈሽ እንደ ድሮው መናኸሪያ ቆማለች። ኔትወርኩ ተመልሶ ያቺ አንድ ጥሪ ስትመጣ ግን እደጃፏ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሌላው በቃል የሚለውን እነሱ በዚያች ጥሪ ይባባሉ ነበር።

የዚያን ቀን ልብስ እያሰጣች ሳለ ስልኩ ጠራ። ደረሰ፣ አለች በልቧ። አልተቋረጠም፤ እስኪያበቃ ጮኸ። ማቋረጡን ረስቶት ነው ብላ ሳቀች እንጂ እጇን እንኳ አልጠረገችም። ከዚያ የመጣው መርዶው ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋቢ የደረበ ሰው ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰማኸኝ ይባላል፤ ወላጆቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ የጊዳ አያና ገበሬ ነው። ሞረዳን መኪና ውስጥ ድንገት ልቡን ሲያመው ደግፎ የያዘው እሱ ነበር። ዘርፈሽ ሴቶቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ሲደውልልኝ ምን ሊለኝ ነበር?»

«የደወልኩትስ እኔ ነኝ፣ እታለም» አላት። «እጁ አልታዘዝ አለው። ቢላ ከተማ ገና አልደረስንም። ‹አንዴ ይጥራና አቋርጠው፤ ደርሷል ብላ ትረፍ› አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው ጠርቶ ጥሎ መሄድ ነውር መሰለኝ። ታነሳለች ብዬ ሳላቋርጥ ቀረሁ።»

«እሱስ?»

«ተቆጣኝ። ‹ታስደነግጣታለህ› አለኝ። አለማንሳትሽን ሲያይ ግን ፈገግ አለ። ‹ሃዳ ሊሊሴ ታውቃለች› አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

ሞረዳ ሚስቱን የሚጠራት እንዲሁ ነበር፣ የሊሊሴ እናት እያለ። ዘርፈሽን ድምፁን ሳትሰማ መሄዱ አሁንም ያንገበግባታል፤ ጠርቶኝ ቀረሁ የሚለው ሸክም ግን ከላይዋ ወረደ። ሰውዬው ባጠፋው ነገር አፍሮ ይቅርታ ጠየቀና ሊነሳ ሲል ቀኝ እጁን ያዘችው። በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ዘርፈሽ ጎንበስ ብላ ያን የደወለበትን አውራ ጣቱን ሳመችው።