ጣቶቼ ይታዩሻል?

«ይመጣል ነው የምልሽ!» አለ ኤራስሞ፣ መቁጠሪያውን እንደያዘ ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ። «ኢላሪዮ ኬሳዳ ራሱ! አሁን በስልክ አረጋገጡልኝ። በጸሎቱ መዝጊያ ምሽት እዚህ፣ እዚችው ቤት!»

«ጸልይ» አለችው ኦፌሊያ።

«እየጸለይኩ ነው።»

«ስልክ እያወራህ?»

ከፊት ተንበርክከው ጸሎቱን የሚመሩት ዶኛ ኢርማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ጎረቤቲቱ እንዲህ ናቸው፤ አፋቸው ከእመቤታችን ጋር፣ ጆሯቸው ከሰው ጋር። ወንድምና እህት እንደ ልጅነታቸው አንገታቸውን ደፉ።

አባታቸው ሽማግሌው ሁቬንሲዮ ትሬቪኞ ከተቀበረ ወዲህ ምሽቱ ሁሉ እንዲህ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተዋሷቸው ወንበሮች ይደረደራሉ፣ መቁጠሪያው ይደገማል፣ ከዚያ ቡናና ጣፋጭ ዳቦ ይዞራል፣ ወሬውም አብሮ ይዞራል። ዘጠኝ ምሽት እስኪሞላ ድረስ ቤቱ የሰው ነው። ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ ከነነጭ ባርኔጣው ቆሟል፤ ከፊቱ ሻማና አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ፤ ከሥሩ ቀዩ አኮርዲዮን ወናፉ በጠፍር ታስሮ ተቀምጧል።

ኦፌሊያ ፎቶግራፉን ስታይ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። አባቷ ያንን ዝነኛ ሰው አላገኝም ብሎ ነው የሞተው። አሁን እምቢ ማለት በማይችልበት ጊዜ በር ከፍቶ ማስገባት ዕርቅ ይሁን ክህደት አላወቀችም። የሚያስረዳት ደግሞ እሱ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከጨው አቀብዪኝና ከመድኃኒትህን ዋጥ በቀር አልተነጋገሩም።

ከጸሎቱ በኋላ ኩሽና ገብታ ስኒ ስታጥብ የዶኛ ኢርማ ሹክሹክታ ከኮሪደሩ መጣላት።

«ያን የመሰለ ሰው እየጠራው ከመኪና አልወርድም ይበል? ምን ዓይነት ልብ ነው!»

«ነፍሱን ይማር እንጂ፣ ዶኛ ኢርማ» አለች ሌላ ለቀስተኛ።

«ይማርለት! ግን ቅናት ነበር። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ልጁ ራሷ ናት ያለችው፤ በሰው ፊት።»

ስኒው ከእጇ አመለጠ። አልተሰበረም፤ እሷ ግን ቢሰበር ደስ ባላት ነበር። ቃሉ እውነትም የራሷ ነው። ተናግራው የረሳችው መስሏት ነበር፤ አሁን በአባቷ ለቅሶ ላይ ከቡናው ጋር እየተጠጣ ነው።

ነገሩ የሆነው በሙዚቃ በዓሉ ሰሞን ነው። ሁቬንሲዮ ዕድሜውን ሙሉ ቀን ቀን ሽንኩርት ማሸጊያ ሲሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ሲያደምቅ የኖረ አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። ከወንዙ ወዲህ ባሉት የደቡብ ቴክሳስ ከተሞች በእሱ አኮርዲዮን ያልተዳረ ጎልማሳ ጥቂት ነው። ኢላሪዮ ኬሳዳ ደግሞ ከዚሁ አፈር ወጥቶ ስሙ ባሕር የተሻገረ፣ የሽልማት መደርደሪያ የጠበበው አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። ወደ አካባቢው ለበዓል ሲመጣ ኦፌሊያ ስንቱን ለምና፣ ስንት ስልክ ደውላ፣ ከዝግጅቱ በፊት አባቷ ከመድረኩ ጀርባ እንዲያገኘው አስፈቀደች። ለአባቷ ስትነግረው «እሺ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባዩ ተለወጠ። ሁቬንሲዮ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው። ልጆቹ ያደጉት ጀርባውን እያዩ ነው። አሁን ግን ወንበሩን ወደ ኩሽናው አዞረና አንዱን ዜማ ደጋግሞ፣ ቀስ እያደረገ መጫወት ጀመረ።

«ከዚያ ሆነሽ ጣቶቼ ይታዩሻል?» ይላታል።

«ይታዩኛል አባዬ» ትላለች ሽንኩርት እየከተፈች።

«ሳታዪ ይታዩኛል አትበይ! የቀለበት ጣቴ የት ሄደ?»

ቀና ብላ ታያለች። «ወደ ውስጠኛው የቁልፍ ረድፍ።»

«ጎበዝ። እንደገና።»

እርጅና ነው ብላ አለፈችው። ባሰባት ቀን «አባዬ፣ እኔ ሰርግ ልጫወት ነው እንዴ? ወጡ አረረ!» ብላ ጮኸችበት። ሳቀና እንደገና ጀመረ።

በበዓሉ ዕለት ከጠዋቱ ጀምሮ ተላጭቶ፣ ነጭ ባርኔጣውን አጥልቆ መኪናው ውስጥ ይጠብቃት ነበር። ኤራስሞ ሚስቱንና የአጎት ልጆችን ጭኖ ከኋላ ተከተለ፤ ሌላ መኪናም ተጨመረ። ከመድረኩ ጀርባ ካለው አጥር ሲደርሱ ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ወርዶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ስልኩን ደግኖ ተሰለፈ። ኦፌሊያ ያዘዘችው ኬክም ከካርቶኑ ወጣ። የሁለቱ ሰዎች ስም በቸኮሌት ተጽፎበት፣ መሐሉ ላይ የስኳር አኮርዲዮን ነበረው። አባቷ በመስኮት ኬኩን አየ፣ ስልኮቹን አየ።

«አልወርድም» አለ።

«ቀልድ ነው?»

«ቤት ውሰዱኝ።»

ለመነችው፣ ተቆጣችው። ሰው ሁሉ ሲያያት ደሟ ፈላና ያ ቃል ወጣ፤ «ቅናት ነው! በሰው ዝና እየተቃጠልክ አረጀህ!» አባቷ መስኮቱን ዘጋው። ኬኩን ማንም ሳይቆርሰው ደርቆ ለዶሮ ተሰጠ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ልትቀሰቅሰው ስትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው። መቁጠሪያውን ሬሳ ሣጥን ውስጥ ጣቶቹ ላይ የጠመጠመችው እሷ ናት፤ አልታጠፍ ብለው አስቸግረዋት ነበር።

እንግዲህ ይሄ ብቻ ቢሆን ጸጸት ነው፣ ከሰው የተለየ አይደለም። ያላስተኛት ግን ሌላ ነው። የቀብሩ ዕለት ኤራስሞ የአባታቸውን መኪና ሊያነሣ ሲል ከኋላ መቀመጫው ሥር በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነገር አገኘ። ቀዩ አኮርዲዮን ነበር። ከበዓሉ ቀን ወዲህ ከመኪናው አልወረደም ማለት ነው። የማይፈልገውን ሰው ለማግኘት የሚሄድ አኮርዲዮኑን ሸፍኖ ለምን ይዞት ይሄዳል?

የዶኛ ኢርማን ሹክሹክታ በሰማች ማግስት ጠዋት ዶን ኒካኖር ቤት ሄደች። ዶን ኒካኖር ከአባቷ ጎን ተቀምጠው አርባ ዓመት ባለ አሥራ ሁለት ክሩን ጊታር የመቱ ሰው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ባቄላ ይለቅሙ ነበር።

«ኢላሪዮ ኬሳዳ ሊመጣ ነው» አለቻቸው። «ላስገባው?»

«ለምን አታስገቢውም?»

«አባዬ ሊያየው አልፈለገማ! ሬዲዮ ላይ ሲመጣ እንኳ ያጠፋው ነበር።»

ዶን ኒካኖር ሰፌዱን መሬት አኖሩት። «አጥፍቷል። ቅናት ግን አልነበረም፤ የኔ ልጅ፣ ሐፍረት ነው።»

ከዚያ ነገሯት። በድሮው ጊዜ ሜዳ ላይ የእንጨት መድረክ ተነጥፎ በሚጨፈርበት ዘመን፣ አንድ ኢላሪዮ የሚባል ጎረምሳ ከቦዩ ማዶ በእግሩ እየመጣ ከመድረኩ ሥር ይቆማል። አይጨፍርም፣ አይጠጣም፤ ዓይኑ ከሁቬንሲዮ ጣት ላይ አይነቀልም። ሁቬንሲዮ ይህን አየና አንድ ምሽት ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠው። ልጁ ዞሮ በሌላው በኩል መጣ። ሁቬንሲዮም ዞረ። ልጁ እንደገና ዞረ።

«ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ» አሉ ዶን ኒካኖር። «እኔም ሳቅሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ልጁ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ያን ጊዜ ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ጣትሽን ካሳየሽ በሚቀጥለው ሰርግ የሚጠራው ሌላ ነዋ! ከዓመታት በኋላ ሽንኩርት ማሸጊያው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ኢላሪዮ ይናገራል። መጫወት ማን አስተማረህ ቢሉት፣ ‹አንድ ጀርባ› አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። አባትሽ ሬዲዮኑን አጠፋው።»

«ስሙን ጠራ?»

«አልጠራም። ቢጠራ ይሻለው ነበር።»

ኩሽና ሆና ትሰማው የነበረው የአባቷ ጥያቄ በኦፌሊያ ጆሮ መጣ። «ታዲያ አኮርዲዮኑን የያዘው...»

«ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሊያሳየው ነበራ! ያችን ‹ከቦዩ ማዶ› የምትባለዋን የፖልካ ጭፈራ ዜማ፣ መታጠፊያዋ ላይ ልጁ ያላየውን የጣት አጣጣል። አባትሽ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። በጣቱ ሊለው ነበር። ስንት ቀን ተለማመደ!»

«ታዲያ ለምን አልወረደም?»

ሽማግሌው ሰፌዱን አንሥተው ጥቂት ለቀሙ። ከዚያ ሳያዩዋት፣ «ኬኩን ማን ነው ያዘዘው?» አሉ።

ቤት እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። ገብታ የአባቷን ወንበር አየችው፤ ለቀስተኛ እንዳይሰናከልበት ብሎ ማን እንደሆነ እንጃ፣ መልሶ ወደ ግድግዳው አዙሮታል። እሱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ነው ያለቀሰችው። ይቅርታን በሃያ ስልክ ፊት ማን ይጠይቃል? እሷ ናት ነገሩን ሰርግ ያደረገችበት።

የመዝጊያው ምሽት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው በሰው ተሞላ። ኤራስሞ ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ መጥቷል። ኢላሪዮ ኬሳዳ አጃቢ ሳያስከትል ብቻውን መጣ። ፖስተር ላይ ከሚታየው ያጥራል፤ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ከሁሉ ጋር ደገመ። ዶኛ ኢርማ ያን ዕለት ጸሎቱን የሰርግ ጭፈራ ያህል አስረዘሙት።

ሲያልቅ ኤራስሞ ብድግ አለ። «አሁን እንግዳችን በአባታችን አኮርዲዮን አንድ ጊዜ...»

ስልኮቹ ሽቅብ ወጡ።

«ታማሌ ውጪ ቀርቧል» አለች ኦፌሊያ። «ሁላችሁም ውጡ።»

«ምን ነካሽ?» አለ ኤራስሞ።

«ምንም አልነካኝም። ሳይቀዘቅዝ ብሉ።»

«እኔም?»

«አንተ ቀድመህ!»

«እኔ እንኳ አልራበኝም» አሉ ዶኛ ኢርማ ወንበራቸውን ጨብጠው።

«ይርብዎታል፣ ዶኛ ኢርማ። ሲወጡ ይርብዎታል።»

እያጉረመረሙ ወጡ። ዶን ኒካኖር ብቻ ከነጊታራቸው ቀሩ፤ እሳቸውን ማን ያስወጣል። ኦፌሊያ በሩን ዘግታ መጋረጃውን ጎተተች። ከዚያ የአባቷን ወንበር ከግድግዳው አዞረችና ለእንግዳው አመለከተችው።

«ጀርባውን የሰጠዎት አባቴ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ፣ እህቴ። በበዓሉ ዕለትም መኪናው ውስጥ አይቼዋለሁ። ነጭ ባርኔጣውን ከመድረኩ ጀርባ፣ ከክፍሌ መስኮት አየሁት። ልውጣ ብዬ ተነሣሁ።»

«ታዲያ?»

«ይውረድ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዛሬም እኔው ልዙርለት? ብዬ ተቀመጥኩ።» ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረው። «መሞቱን ስሰማ ነው የቆጨኝ።»

«ቂም ይዘውበት ነበር?»

«ብዙ ዘመን። ውሸት አልነግርሽም፣ ዛሬም ትንሽ አለች።»

ኦፌሊያ ስላልዋሻት ወደደችው። አኮርዲዮኑን አንሥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። ጠፍሩን ፈታ፤ ዶን ኒካኖርን ቀና ብሎ አየና «ከቦዩ ማዶ»ን ጀመረ። እጁ እንደሚወራለት ነው፤ ፖልካው ክፍሉን ሞላው፤ የዶን ኒካኖር ጊታር ከሥር ተከተለው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ወናፉ አቅጣጫ ሲቀይር ዜማው ትንሽ ነጠረ። ሌላ ሰው አይሰማውም። ኦፌሊያ ግን ያን ዜማ ሽንኩርት እየከተፈች ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! ሳይነጥር፣ እንደ ውኃ ሲወርድ።

ኢላሪዮ አቆመ። «ይኸው። እዚህ ጋ ዕድሜዬን ሙሉ በግምት ነው የምሄደው። ድምፁን ጆሮዬ ያውቀዋል። እጁ የት እንደሚሄድ ግን አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች።

ዶን ኒካኖር ጊታሩን ረሱት። ኦፌሊያ ከወንበሩ ፊት ተንበረከከች።

«መታጠፊያው ላይ ይሁኑና ወናፉን እየሳቡ ያቁሙ።»

ሳበና አቆመ። የቀለበት ጣቱን ያዘችው፤ ከነበረበት አንሥታ ወደ ውስጠኛው ረድፍ ወሰደችው፤ ቁልፉ ላይ አኖረችው።

«እዚህ። ወናፉን አይመልሱት፣ መሳብዎን ይቀጥሉ።»

እሷ ጣቱን ይዛ እሱ ሳበ። ዜማው ሳይነጥር አለፈ። ኢላሪዮ ኬሳዳ ዓይኑን ጨፈነ። ዶን ኒካኖር ከመጀመሪያው ሊነሡ ክሩን መታ መታ እያደረጉ ይጠብቁ ነበር። ከውጪ የኤራስሞ ድምፅ ይሰማል።

ጣቱ ሞቃት ነበር። መልቀቅ እንዳለባት ታውቃለች፤ ካልለቀቀችው መጫወት አይችልም። ኦፌሊያ ግን ገና አልለቀቀችውም።